የጣውላ ወለላችንን ላዳኑልን አናጢ ምስጋና፣ ለጅማ ሰው ደግሞ ጥቆማ

ጅማ ውስጥ ወለሉ ጣውላ በሆነ ቤት የምትኖሩ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወለላችሁ ሲረገጥ ሲጢጥ ካለ ወይም ከተነቃነቀ፣ አስነስታችሁ ሴራሚክ ከማስነጠፋችሁ በፊት አንድ ሰው ልጠቁማችሁ።

ሂርማታ በኩል አልጋና በርጩማ የሚሠሩ አንድ አናጢ አሉ። ስልኬን በአደባባይ አታውጪው ስላሉኝ ለፈለገ በውስጥ መስመር እልካለሁ። እኛ ቤት "ጋሼ" ነው የምንላቸው።

የእናቴ ቤት አሮጌ ነው። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ሞራሌ (ከስር የተጋደመ ተሸካሚ እንጨት) ላይ የተመታ ጣውላ ነው፣ አባቴ በሕይወት እያለ ያሠራው። ካለፈው በጋ ወዲህ ግን ሌሊት አንድ ሰው ከተነሳ ቤቱ በሙሉ ይነቃል። መስኮቱ ስር ያለው ጣውላማ ሲረገጥ ይሰምጥ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ እዚያ ጋ ስትደርስ ግድግዳ ይዛ ነው የምታልፈው። መጀመሪያ ያየው ባለሙያ "ይነሳና ሲሚንቶ ይሞላ" ብሎን ሄደ። እናቴ አልተዋጠላትም።

ጋሼ ሲመጡ መዶሻ አላወጡም። ጫማቸውን አውልቀው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀስ ብለው ተራመዱ። ከዚያ "ልጄ፣ አንቺ ርገጪ፣ እኔ ልስማ" ብለው ተንበረከኩ። ድምፅ በሰሙበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ይህን ሳይጨርሱ አንድም ጣውላ አልነኩም። እኔ ባለሙያ የምለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ምክንያቱንም አስረዱኝ። የጅማ ዝናብ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እንጨቱ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲገባ ደርቆ ይሰበሰባል። ይህ ዓመት በዓመት ሲደጋገም ሚስማሩ መያዣ ያጣል። ስንረግጠው ጣውላው በሚስማሩ ላይ ይወርዳል፣ እግራችንን ስናነሳ ይወጣል። ሲጢጥታው እሱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ሲፋተግ የሚመጣ ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

የላላውን ሚስማር መልሶ መምታት ብዙ አይቆይም አሉ። በቪቲ፣ ማለትም እየዞረ በሚገባ ባለጥርስ ሚስማር ነው ያሰሩት። መጀመሪያ ግን የመብራት ገመድና የውሃ ቱቦ በየት እንደሚያልፍ እናቴን ጠየቋት። ጣውላው እንዳይሰነጠቅ በትራፓኖ (በመብሻ መሣሪያ) ቀጭን ቀዳዳ አበጁ፤ ቪቲው ሞራሌው ውስጥ እስኪገባ ጠበቀ። የኛ ጣውላ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ነው፤ 5 ሴንቲ ቪቲ አስገዙን። ግማሹ እንኳ ሞራሌው ውስጥ ካልገባ አይዝም። የቪቲውን ራስ ከእንጨቱ ዝቅ አድርገው በኮላና በሰጋቱራ ደፈኑት። አሁን ቦታው ካልተፈለገ አይታይም።

ጣውላውና ሞራሌው በተራራቁበት ቦታ ኮላ የተቀባ ስስ ሽብልቅ ከተቱ፣ ግን በዝግታ። በኃይል ከተመታ ጣውላውን ያነሳውና ጎኑ ላይ ሌላ ድምፅ ይፈጥራል። ለሚፋተጉት ስንጥቁ ውስጥ ፓውደር ነስንሰው በብሩሽ አስገቡት። "ይሄኛው ጊዜያዊ ነው፣ መድገም ያስፈልገዋል" ብለው በግልጽ ነገሩን። አለመደበቃቸው ደስ አለኝ።

መስኮቱ ስር ያለውን ሲያነሱት ሞራሌው በስብሷል። ካቻቢቴ ሲወጉበት ሰተት ብሎ ገባ። ምስጥ መስሎን ደንግጠን ነበር፤ ምስጥ አልነበረም። በውጭ በኩል ወለሉ ስር አየር የሚያስገቡት ቀዳዳዎች በአፈርና በማገዶ ተደፍነው ኖረዋል። እርጥበቱ መውጫ አጥቷል። ማገዶውን አስነሱን፣ አፈሩን አስጠረጉን። "ይህ ተዘግቶ ከቀጠለ የኔ ሥራም አይበረክትም" አሉ። ከዚያ የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ ሞራሌ ተኩ። ወንድሜ ያመጣውን እርጥብ ባህር ዛፍ ግን መለሱት። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይለቃል፤ ከራሳቸው ሱቅ የደረቀ አመጡ።

ዋጋውን ሳይጀምሩ ተናገሩ፣ በኋላም አልጨመሩም። ቤት ከቤት ስለሚለያይ የኛን ብጽፍ ያሳስታል። የተረፈውን ቪቲ ቆጥረው ለእናቴ አስረከቡ። እሷም ያለ ቡና አልሸኘቻቸውም፤ በኦሮምኛ ስለ ድሮ አናጢዎች ሲጨዋወቱ አመሹ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናቴ ዛሬ ያለ ስጋት በሳሎኗ ትመላለሳለች፣ የአባቴም ወለል አልተጣለም።

ልታስጠሯቸው ያሰባችሁ፣ ከመምጣታቸው በፊት ምንጣፉንና ከባድ ዕቃውን አንሱላቸው። ቢቻል በበጋ አድርጉት፤ እንጨቱ ሲደርቅ ክፍተቱ ጎልቶ ይታያል። አርብ እኩለ ቀን ላይ መስጊድ ስለሚሆኑ ስልክ አያነሱም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደውሉ።