ስለ አሜሪካ አብዮት አሮጌ መጻሕፍት ለምትፈልጉ፦ በአሌክሳንድሪያ ላገኘኋቸው መጽሐፍ ሻጭ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡና የሚጠግኑ አንድ አረጋዊ ሰው ላለፉት ስድስት ዓመታት ያደረጉልኝን ሁሉ በአደባባይ ለማመስገን፣ እግረ መንገዴንም ስለ አሜሪካ የቅኝ ግዛት ዘመንና ስለ አብዮቱ የተጻፉ የቆዩ መጻሕፍት መሰብሰብ የምትፈልጉ ወገኖቼ ወደ እርሳቸው እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ ስልክ ሲያነሡ እርሳቸውም ራሳቸውን በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ነገሩ የጀመረው በልጄ የቤት ሥራ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የቨርጂኒያን ታሪክ ሲያነብ ቆየና «አባዬ፣ በአሜሪካ አብዮት ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር እዚህ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አገር ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ብሆንም የምመልስለት አልነበረኝም። ልጁ ያነበበው ግን ትክክል ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ በቨርጂኒያ ላይ የሾመው ገዥ ሎርድ ደንሞር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1775 በተጻፈ አዋጅ፣ ከዐመፁት ጌቶቻቸው አምልጠው ለንጉሡ መሣሪያ የሚያነሡ ባሪያዎች ነፃ እንደሚወጡ አስታወቀ፤ ጥሪውን ሰምተው ከመጡትም መካከል «የኢትዮጵያውያን ክፍለ ጦር» ተብሎ የተጠራ ጦር አቋቋመ። እነዚያን ሰዎች ከጥይት ይልቅ የፈጃቸው ፈንጣጣ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የልጄን ጥያቄ ይዤ ወደ ጋሼ መደብር ገባሁ። ከዚያ በፊት በደጁ አልፌ አውቃለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ከግሪክኛና ከመጽሐፍ ቅዱስ ተወስዶ ለጥቁር አፍሪካዊ ሁሉ የሚነገር ስም እንደነበረ፣ የደንሞር ሰዎችም ከእኛ አገር የመጡ ሳይሆኑ ራሳቸው ወይም አባቶቻቸው በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ተይዘው የተጋዙ እንደሆኑ አስረዱኝ። በ1761 በልጅነቷ ከምዕራብ አፍሪካ ተወስዳ ቦስተን ላይ የተሸጠችው፣ በ1773 ደግሞ የግጥም መጽሐፏ ለንደን ላይ የታተመላት ፊሊስ ዊትሊም በአንድ ግጥሟ ራሷን ኢትዮጵያዊት ብላ እንደጠራች የሰማሁት በዚያው ሰዓት ነው። በስማችን የተጠሩ፣ እኛ ግን ጨርሶ የማናውቃቸው ሰዎች በዚህ ምድር ላይ እንደነበሩ ሳስብ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከመውጣቴ በፊት ጋሼ ከመደርደሪያው ሁለት ቅጂ አወረዱ። ሁለቱም ቤንጃሚን ኳርልስ የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በአብዮቱ ውስጥ ጥቁሮች ስለነበራቸው ድርሻ ጽፈው በ1961 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ያሳተሙት መጽሐፍ ናቸው። አንዱ የወረቀት ልባሱ ያልተቀደደ ንጹሕ ቅጂ ሲሆን በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ 95 ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላው ልባስ የሌለው፣ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያረፈበት ነው፤ ዋጋው 18 ዶላር። «የሚፈልጉት ለማንበብ ከሆነ ይኸኛው ይበቃዎታል፤ ውስጡ አንድ ነው» አሉና ርካሹን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ በስድስት ዓመት ውስጥ ከእርሳቸው አርባ ያህል መጻሕፍት ገዝቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ከሚያስፈልገኝ በላይ እንዳወጣ ገፋፍተውኝ አያውቁም።

ትልቁ ውለታቸው ግን የተታለልኩ ጊዜ የዋሉልኝ ነው። መጻሕፍት መሰብሰቡ ልቤን በያዘው በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን ከማልጠቅሰው ሻጭ በ350 ዶላር አንድ ጋዜጣ ገዛሁ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1800 በኒው ዮርክ ግዛት የወጣው «አልስተር ካውንቲ ጋዜት» ሲሆን ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ሞትና ቀብር የሚናገር ጥቁር ጠርዝ ያለው ዘገባ አለበት። ዋሽንግተን ያረፉበት ማውንት ቨርነን ከቤቴ የአጭር መንገድ ጉዞ በመሆኑ ግዢው ልዩ ሆኖ ታየኝ። በዚያ ላይ በ1989 በፔንሲልቫኒያ፣ አዳምስታውን ከሚገኝ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በ4 ዶላር ሥዕል የገዛ ሰው ከክፈፉ ጀርባ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ የመጀመሪያ እትም አግኝቶ፣ ያ ወረቀት በ1991 በጨረታ 2.42 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን አንብቤ ስለነበር ዓይኔ ተጋርዶ ነበር ማለት እችላለሁ።

ጋሼ ጋዜጣውን ተቀብለው ምንም ሳይናገሩ ወደ መስኮቱ ሄዱና በብርሃን ላይ ዘረጉት። ከዚያ ከዴስካቸው በእርግጥ በዚያ ዘመን የታተመ አንድ የስብከት ቅጠል አምጥተው ከጎኑ ያዙልኝ። አሮጌው ቅጠል ከበፍታ ቡትቶ በእጅ የተሠራ ወረቀት ነውና በብርሃን ሲታይ በአንድ ጣት ስፋት ያህል የተራራቁ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ በመካከላቸውም የተቀራረቡ ቀጫጭን ጭረቶች ይታዩበታል፤ እነዚህም ወረቀቱ የተነከረበት የሽቦ ወንፊት አሻራዎች ናቸው። የእኔው ጋዜጣ ግን እንደ ደመና ድፍን ያለ ነበር፤ ጠርዙም ከተፈጨ እንጨት እንደተሠራ ወረቀት ቡናማ ሆኖ ይፈረፈራል። ያ ጋዜጣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለመታሰቢያነት ደጋግሞ በመታተሙ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ማለት ይቻላል በኋላ ዘመን የታተመ ቅጂ እንደሆነ ነገሩኝ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ በመደብሩ ውስጥ ሌላ ደንበኛ ስለነበር እንዳላፍር መጠንቀቃቸው መሆኑ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ገንዘቤ ባይመለስም በዚያ ቀን የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ብዙ ኪሳራ አድኖኛል።

አንድ ነገር ሲገዙም ሆነ ሲያሳዩኝ ከእጃቸው የማይለይ ነገር አለ። ቻርልስ ኤቫንስ የተባሉት ሰው ከ1639 ጀምሮ በአሜሪካ የታተመውን ሁሉ ለመመዝገብ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ዝርዝር ነው፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1903 ወጥቷል። ጋሼ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሕትመት ሲመጣላቸው ኤቫንስ በዝርዝራቸው ለዚያ ሕትመት የሰጡትን ቁጥር ገዢው ፊት ፈልገው ያወጡና ገጹን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። የጎደለ ቅጠል፣ የተለጠፈ ጥግ፣ በኋላ ዘመን የገባ ሥዕል ካለ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው መጽሐፉ ውስጥ ያስቀምጡታል። የመጽሐፉን ጉድለት እንዲህ በጽሑፍ የሚሰጥ ሻጭ ከእርሳቸው ሌላ አላጋጠመኝም። ኤስ የተባለችው ፊደል በቃል መካከል ኤፍ መስላ የምትታተምበትን የዚያን ዘመን አጻጻፍ ማንበብ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው።

ስለ ጥገናቸው ልናገር። ባለፈው ዓመት ከአንድ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ዊልያም ኩፐር ኔል በ1855 ቦስተን ላይ ያሳተመውን፣ በአብዮቱ ስለተዋጉ ጥቁር አርበኞች የሚናገረውን መጽሐፍ አገኘሁ። በማርች 5 ቀን 1770 በቦስተን በእንግሊዝ ወታደሮች ጥይት ከወደቁት አንዱ የሆነው ክሪስፐስ አተክስ በሰፊው የተወሳበት ይህ ነው። የመጽሐፉ ጀርባ ተገንጥሎ፣ አንድ የቀድሞ ባለቤት በፕላስተር አጣብቆት ነበር። እኔ በቆዳ አዲስ ጥራዝ እንዲያደርጉለት፣ በላዩም እንደ አገራችን ድጉስ ያለ ጌጥ እንዲያወጡበት ለመንኩ። ጋሼ እምቢ አሉ። የመጀመሪያው የጨርቅ ሽፋን እስካለ ድረስ እርሱን መጣል መጽሐፉን ማራቆት እንደሆነ፣ እኔም ወደፊት ብሸጠው ዋጋው እንደሚወርድ ገልጸው፣ ፕላስተሩን በቀናት ትዕግሥት አንሥተው ጀርባውን በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ መለሱት። ይህ ሙጫ ወደፊት ሌላ ባለሙያ ቢፈልግ በውኃ የሚለቅ በመሆኑ ነው የሚመርጡት። ከዚያም አሲድ ከሌለው ካርቶን ልክ በልኩ የሆነ ማኅደር መሰል ሣጥን ሠሩለት። አያቴ ዳዊታቸውን ከቆዳ ማኅደሩ ሲያወጡት የነበረው ጥንቃቄ ትዝ ብሎኝ ይህን ስነግራቸው፣ ማኅደር እንዴት እንደሚሰፋ፣ ማንገቻው የት ላይ እንደሚገባ፣ ብራናው በገበታ መካከል እንዴት እንደሚያዝ እየጠየቁ አንድ ሰዓት አቆዩኝ። ለጥገናውና ለሣጥኑ 140 ዶላር ከፈልኩ።

የሚጎድላቸውንም መናገር ተገቢ ነው። አራት ሳምንት ያሉት ሥራ ስድስት ሳምንት ወስዷል፤ መዘግየቱን ግን እኔ ሳልጠይቅ ደውለው አሳውቀውኛል። ብርቅዬ የሆኑት ዕቃዎቻቸው ርካሽ አይደሉም፤ ኢሜይልም አይመልሱም። መደብሩ ፎቅ ላይ በመሆኑና ደረጃው ጠባብ ስለሆነ እግራቸው የማይችል ሰዎች አስቀድመው ቢደውሉ ወርደው የሚፈልጉትን ያመጡላቸዋል።

ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጠባብ ነገር ምረጥ። አብዮቱን በሙሉ እሰበስባለሁ የሚል ሰው ቤቱን በ1976 የሁለት መቶኛ ዓመት በዓል ጊዜ በገፍ በታተሙ ጌጠኛ መጻሕፍት ይሞላል፤ እነርሱም ዛሬ ብዙም አይፈለጉም። እኔ የጥቁሮችን ታሪክ በቨርጂኒያ ብዬ ወሰንኩ። የዊትሊን የ1773 እትም ዋጋ ስጠይቃቸውም ከመግዛት በፊት ማየት ይቀድማል ብለው ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ላኩኝ፤ ዕድሜው አሥራ ስድስት ዓመት የሞላ ማንኛውም ሰው በነጻ በሚያገኘው የአንባቢ መታወቂያ እዚያ ገብቶ ማንበብ ይችላል። ቶማስ ጀፈርሰን በ1815 ለኮንግረስ በ23,950 ዶላር የሸጧቸው 6,487 መጻሕፍትም የገቡት እዚያው ነው፤ ከእነርሱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በ1851 ቃጠሎ ጠፍተው፣ ቤተ መጻሕፍቱ የጎደሉትን በዚያው እትም ተክቶ ለማሟላት እንደ እኛው ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል ሲያፈላልግ ኖሯል።

ለአገሬ ሰዎች ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። መደርደሪያችሁን ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጤስበት ክፍል አርቁ። ጋሼ ከእኔ ቤት የሄደን አንድ መጽሐፍ ገና ሲከፍቱት ሽታውን አውቀውት፣ ጭሱ ወረቀትንና ጨርቅን እንደሚያጠቁር፣ እርጥበት ካለበት ምድር ቤትም የመኝታ ክፍል ግድግዳ እንደሚሻል አስረድተውኛል። የቡናውን ቦታ ሳይሆን የመጻሕፍቱን ቦታ ቀየርን።

ልጄ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሊጨርስ ነው። ያችን 18 ዶላር የተገዛች መጽሐፍ ስለ ደንሞር ጦር በክፍሉ ፊት ሲናገር ይዟት ቆሞ ነበር፤ ጋሼም ያን ቀን መደብራቸውን ዘግተው መጥተው ከኋላ ተቀምጠው አዳምጠውታል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። የሚከፍቱት ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ በሩ ተቆልፎ ብታገኙትም ደወሉን ደውላችሁ ጥቂት ጠብቁ፣ ከፎቅ እስኪወርዱ ነው።