ኦዲተር ለመሆን ገንዘባችሁን የት ታወጡታላችሁ? ማስተርስ፣ ኤሲሲኤ ወይስ ሲአይኤ

ሐምሌ በገባ ቁጥር የስልክ ጥሪ ሥራ ያስፈታኛል። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በአካውንቲንግ የተመረቁ የዘመድና የወዳጅ ልጆች ተራ በተራ ይደውላሉ፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። «ጋሼ፣ ኦዲተር መሆን እፈልጋለሁ፤ ማስተርሴን ልቀጥል ወይስ ኤሲሲኤ ልጀምር?» ኤሲሲኤ የሚባለው የእንግሊዝ ማኅበር በፈተና የሚሰጠው፣ በዓለም የታወቀ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ነው። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ማስረዳት ስለሰለቸኝ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። ከእንግዲህ የሚደውል ካለ መጀመሪያ ይህን ያንብብ።

ለመጻፍ ያስቸኮለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። የቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ተምሮ፣ ቤተሰቡም ለክፍያው በሬ እስከ መሸጥ ደርሶ፣ ዲግሪውን ይዞ አንድ የኦዲት ድርጅት ለቅጥር ቀረበ። የሰጡት ፈተና የአንድ ወር የባንክ መግለጫና የአንድ ወር የገንዘብ መዝገብ ነበር፤ «አስታርቅ» አሉት። ተጽፎ ያልተመነዘረ ቼክ በየትኛው በኩል እንደሚቀነስ አላወቀም። የተቀጠረችው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያላት፣ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሂሳብ ስትሠራ የቆየች የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የተሸጠለት ትምህርት ለሚፈልገው ሥራ የተዘጋጀ አልነበረም።

ስለዚህ ወገንተኛነቴን አልደብቅም። ገንዘቡ ውስን ለሆነና በኦዲት ለመኖር ለቆረጠ ልጅ የምመክረው፣ በዝቅተኛ ደመወዝም ቢሆን የኦዲት ድርጅት መግባትና ከዚያው ደመወዝ ላይ እየቆጠቡ የኤሲሲኤን ፈተናዎች አንድ በአንድ መውሰድ ነው። ማስተርስ ከዚያ በኋላ ቢመጣ መልካም ነው፤ ባይመጣም አይጎዳም።

ምክንያቴ ቀላል ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ በኦዲት ሪፖርት ላይ የሚፈርመው በቦርዱ የተመዘገበ ባለሙያ ነው። ማስተርስ ብቻውን ለዚህ ፊርማ አያበቃም። ሰው ሁለት ዓመት ተምሮ ሲጨርስ የሌላ ሰው ፊርማ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ከመክፈሉ በፊት ማወቅ ነበረበት። የብቸና ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው ሥር ዘግኖ የሚያይ አባት የልጁን ማስተርስ ግን በማስታወቂያው ሰሌዳ ብቻ አይቶ ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋጋው እንግባ፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው።

የማስተርስ ዋጋ በብር ነው፤ በየሴሚስተሩ ይከፈላል፣ የሚያስደነግጥ ለውጥም የለውም። ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ አልክድም። የኤሲሲኤ ዋጋ ደግሞ በፓውንድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው አሠራር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ፣ አንድ ፓውንድ 74 ብር ገደማ ነበር። ያኔ ለየ100 ፓውንዱ 7,400 ብር ይበቃ ነበር። ፓውንዱን በ200 ብር ብናሰላው ያው 100 ፓውንድ 20,000 ብር ይሆናል። ፈተናው አልተለወጠም፣ ጥያቄው አልከበደም፤ ዋጋው ግን በእኛ ኪስ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ በ2015 ያለፈ ሰው «ይህን ያህል ነው የጨረስኩት» ብሎ የሚነግራችሁን ቁጥር እርሱት።

ሁለተኛው ነገር ክፍያው አንድ አለመሆኑ ነው። የመመዝገቢያ አለ፤ የዓመት አባልነት አለ፤ የእያንዳንዱ ፈተና ክፍያ አለ፤ የሥነ ምግባር ሞጁሉም ራሱን የቻለ ክፍያ አለው። ሰው የሚረሳው ደግሞ የነጻ ማለፊያውን ነው። ፈተናዎቹ በጠቅላላው 13 ናቸው፤ በዲግሪያችሁ ምክንያት እስከ 9 ድረስ ሳትፈተኑ ልታልፉ ትችላላችሁ። ነገር ግን «ነጻ» የተባለው ከመፈተን እንጂ ከመክፈል አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የታለፈ ፈተና ከፈተናው ክፍያ ብዙም የማይርቅ ገንዘብ ይጠየቃል። በዚህ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀላል ፈተናዎች በነጻ ማለፊያው እለፏቸው፤ የሂሳብ ሪፖርት አቀራረቡንና የኦዲቱን ፈተና ግን ዕድሉ ቢሰጣችሁም ተቀምጣችሁ ተፈተኑ። በዚያው ገንዘብ እውቀቱም ይገኛል፤ የላይኛው ደረጃ ፈተና ደግሞ በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው የሚቆመው።

ሦስተኛው መውደቅ ነው። ማለፊያው ከመቶ 50 ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። በኦዲት ፈተናዎቹ፣ በታችኛውም በላይኛውም፣ በዓለም ዙሪያ ከአስር ተፈታኞች የሚያልፉት አራት ገደማ ናቸው። የወደቀ ሙሉ ክፍያውን እንደገና ይከፍላል። በጀታችሁን ስታወጡ ቢያንስ ሁለት ፈተና ትወድቃላችሁ ብላችሁ አስሉ፤ ካልወደቃችሁ ገንዘቡ ይተርፋችኋል።

አራተኛው ዋጋ የጎጃም ሰው ብቻ የሚከፍለው ነው፤ አዲስ አበባ ሆነው የሚጽፉ መካሪዎች አይጠቅሱትም። ለፈተና ወደ አዲስ አበባ መሄድ አለ። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር ደግሞ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። የአባይን በረሃ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን መሻገር፣ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ ወይ አውሮፕላን ወይ መቅረት። ዋዜማውን የሚደርስ ተፈታኝ ደክሞ ስለሚገባ ሁለት ሌሊት አልጋ መያዝ ግድ ነው። ከቤት ሆኖ መፈተን በኮሮና ዘመን ተጀምሮ ነበር፤ ኤሲሲኤ ግን በፈረንጆች ከ2026 መጋቢት ጀምሮ በልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር እንደሚያቆመው አስታውቋል። እኛ ዘንድ መብራቱና ኢንተርኔቱ ባለበት ሁኔታ ባይቆምም አልመክረውም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለምን ኤሲሲኤን እመርጣለሁ? በየፈተናው ስለሚገዛ ነው። ማስተርስ ግማሹን ከፍላችሁ ብታቆሙ በእጃችሁ የሚቀር ነገር የለም፤ የዘጠኙን የታችኛውን ደረጃ ፈተናዎች የጨረሰ ልጅ ግን በሥራ ማመልከቻው ላይ የሚጽፈው አለው፤ ቀጣሪም ያውቀዋል። ገንዘብ ሲያጥር አንድ ዙር አልፎ በሚቀጥለው መመለስ ይቻላል። ጥንቃቄ የሚሻው የላይኛው ደረጃ ነው፤ እዚያ የመጀመሪያውን ፈተና ካለፋችሁበት ቀን ጀምሮ የቀሩትን ለመጨረስ የሚሰጠው ሰባት ዓመት ነው።

ስለ መጻሕፍቱ ብዙ የምለው አለኝ፤ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነውና። ኤሲሲኤ የሚቀበላቸው የካፕላንና የቢፒፒ መጻሕፍት ዋናቸው ውድ ስለሆነ ፎቶኮፒያቸው ይሸጣል። አንድ ጎረቤቴ ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት የገዛውን አሳየኝ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት በቀለም ተቀይሯል። ውስጡን ስገልጥ የኪራይ ሂሳቡ የተሠራው አይኤኤስ 17 በሚባለው አሮጌ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደንብ ነው። ያ ደንብ በፈረንጆች ከጥር 2019 ጀምሮ በአይኤፍአርኤስ 16 ተተክቷል። የገቢው ምዕራፍም እንዲሁ የሞተ ነው፤ አይኤፍአርኤስ 15 በፈረንጆች 2018 ተክቶታል። ልጁ ያንን አጥንቶ ቢፈተን ኖሮ ትክክል እየሠራ ይወድቅ ነበር። ሌላ ጊዜ ያየሁት ደግሞ የመልሱ ክፍል ገጽ ለመቀነስ ሲባል የተቆረጠ የጥያቄ መድበል ነው። መልስ የሌለው የኦዲት ጥያቄ ምን ይጠቅማል? የግብሩ ፈተና መጽሐፍ ከሁሉም ይከፋል፤ የእንግሊዝ የግብር መጠን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ያለፈው ዓመት መጽሐፍ ለማገዶ ካልሆነ አይሆንም። በሕጉ ፈተናም ተጠንቀቁ፤ የእንግሊዙና ዓለም አቀፉ የተለያዩ ናቸው፣ ሻጩ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

መግዛት ካለባችሁ የያዝነውን ዓመት የጥያቄ መድበል ብቻ ዋናውን ግዙ። ማስታወሻውና ንግግሩ ኦፕንቱሽን በሚባለው ድረ ገጽ በነጻ አለ። የፈታኞቹን ሪፖርት ኤሲሲኤ ራሱ በነጻ ያወጣዋል፤ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ እሱን አንብቡ፣ ሰው ለምን እንደሚወድቅ በግልጽ ይናገራልና። ኢንተርኔት ባለ ጊዜ ሁሉንም አውርዳችሁ አስቀምጡ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር ያጠኑት ቀድመው ያወረዱት ናቸው።

የክፍያ ደላሎችም አሉ። ውጭ አገር ዘመድ ወይም ለውጭ ክፍያ የሚሠራ የባንክ ካርድ የሌለው ልጅ ገንዘቡን ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ሰውዬው ገንዘቡን ሲያንከባልል ቆይቶ ጊዜው ካለፈ በኋላ ያስመዘግባል፤ የዘገየ ምዝገባ ደግሞ ዋጋው ይንራል። በራሳችሁ የኤሲሲኤ ገጽ ላይ ክፍያው መግባቱን ሳታዩ ለማንም ቀሪ ገንዘብ አትስጡ።

ሌላው ርካሽ መስሎ የሚያስከፍል ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥልጠና ነው። በየከተማው፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ «ፒችትሪ በአንድ ወር» የሚል ሰሌዳ አለ። ሴጅ ኩባንያ የፕሮግራሙን ስም ሴጅ 50 ካለው ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ዘንድ ግን በፍላሽ የሚዞረው የተሰበረ የፈረንጆች 2010 ቅጂ ነው። የምንመረምረው አንድ ድርጅት መብራት ሲጠፋ የዓመቱ ሂሳብ ተበላሽቶበት፣ ቅጂም ሳያስቀምጥ፣ ጥቅምት 30 የግብር ማሳወቂያው ሊያበቃ ሲል ከቫውቸር ጀምረን ሁሉንም በኤክሴል ስንገነባ ሌሊቱን አድረናል። ሂሳብ ሠራተኛዋ የፒችትሪ ሰርተፍኬት በፍሬም አድርጋ ሰቅላለች። ቅጂ ማስቀመጥ ግን ማንም አላስተማራትም። ፒችትሪውን ከጓደኛ ተማሩ፤ ከከፈላችሁ ለኤክሴል ክፈሉ።

የውስጥ ኦዲተሮች ዓለም አቀፍ የብቃት ማረጋገጫ የሆነው ሲአይኤ ለማን ነው? ባንክ ውስጥ በውስጥ ኦዲት ለሚሠራና እዚያው ለማደግ ለሚያስብ። ሦስት ክፍል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው የሚጠይቀው የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት ነው፤ ከኤሲሲኤ ይፈጥናል፣ ድምር ዋጋውም ያንሳል። የሌላ ድርጅት ሂሳብ መርምሮ ለመፈረም ግን አያበቃም። ሲሳ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ኦዲት ፈተና ከዚህም ይጠብባል፤ አባል ላልሆነ 760 ዶላር ነው። ዶላሩን በ57 ብር ስናሰላ 43,320 ብር የነበረው፣ በ150 ስናሰላ 114,000 ብር ነው። ቀጣሪያችሁ ካልከፈለላችሁ አትንኩት።

ማስተርስ የሚያዋጣቸው ሰዎችም አሉ። በዞን ፋይናንስ መምሪያ ወይም በክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በደረጃ ዕድገት ለሚወዳደር፣ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ለሚያስብ፣ ዲግሪው ነጥብ አለው። የክዋኔ ኦዲት፣ ማለትም ሥራው በቁጠባና በውጤታማነት መሠራቱን የሚያየውን ኦዲት፣ ለሚሠራም የምርምር ዘዴ ትምህርቱ ይጠቅመዋል፤ ራሱ ከሠራው ማለቴ ነው። በየኮምፒውተር ቤቱ የሚሸጠውን የመመረቂያ ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ርዕሱ ሁልጊዜ «የውስጥ ኦዲት ውጤታማነትን የሚወስኑ ምክንያቶች» ነው፤ የሚለወጠው የዞኑ ስም ብቻ ነው። አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙን ምዕራብ ጎጃም ብሎ ሲያስቀይር ሠንጠረዡ ላይ ደብረ ማርቆስን ሳያጠፋ ቀርቷል።

የሥራ ልምዱን በተመለከተ፣ ኤሲሲኤ የ36 ወር ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱን የሚያረጋግጠው ደግሞ ራሱ ብቃቱ የታወቀ የሂሳብ ባለሙያ መሆን አለበት። ስለዚህ ለቅጥር ስትቀርቡ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት «ልምዴን የሚፈርምልኝ ብቃቱ የታወቀ የሂሳብ ባለሙያ በድርጅቱ አለ?» በሉ። ከሌለ ደመወዙ ትንሽ ቢበልጥም ሌላ ፈልጉ። ካለ ግን አበሉ ቢያንስም ግቡ። ሰኔ 30 በዝናብ ጭቃ እየረገጡ ቡሬ መጋዘን ውስጥ የበቆሎ ጆንያ የቆጠረ ልጅ የንብረት ቆጠራውን ጥያቄ በፈተና ላይ ሲያገኘው አይፈራም።

በአቅራቢያው የኦዲት ድርጅት ያጣ ወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበራት ሂሳብ በየዓመቱ መመርመር ስላለበት ሥራው አያልቅም። ደመወዙ አይወራለትም፤ ነገር ግን ሰነዱ የተዘበራረቀ፣ ደረሰኙ በፌስታል የታሰረ ማኅበር መርምሮ ሪፖርት ያወጣ ሰው የትም ይሠራል።

ጊዜውን ምረጡ። የኤሲሲኤ ፈተና በእኛ አቆጣጠር በየካቲት፣ በግንቦት፣ በነሐሴና በኅዳር መጨረሻ ገደማ ይውላል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ኦዲተር እንቅልፍ ስለሌለው የነሐሴውን ተዉት፤ የክረምቱ መንገድም አያስኬድም። የኅዳሩን ለቀላሉ፣ የግንቦቱን ለከባዱ አድርጉት። ዓመታዊው ክፍያ በፈረንጆች ጥር 1፣ ማለትም ታኅሣሥ 23 ገደማ ስለሚደርስ በኅዳር ተመዝግቦ በወሩ ሁለተኛ ክፍያ ከመክፈል ጥር እስኪገባ ጠብቆ መመዝገብ ይሻላል። እስከዚያ ድረስ የፈታኞቹን ሪፖርት አውርዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ለእሱ ምንም አይከፈልም።