የዘይት ፊልትሮ፦ «ኦሪጅናሉ»፣ ሳኩራ ወይስ ርካሹ?

ዘይት ሊቀይር የተነሳ ወዳጅ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ፊልትሮ ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሱንም መጀመሪያ ልናገር። ለመኪና ከሆነ ሳኩራ የሚባለውን ወይም እንደሱ በራሱ ስም የሚሸጥ መካከለኛ ዋጋ ያለው ፊልትሮ ግዙ። ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ ከሆነ የፋብሪካውን ኦሪጅናል ግዙ። በቶዮታ ካርቶን ተከቶ በግማሽ ዋጋ የሚቀርበውን ግን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ዋናው ጉዳይ ዋጋ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። ለቪትዝና ለኮሮላ የምትሆነውን ትንሿን ፊልትሮ ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ስጠይቅ፣ ስም የሌላት 400 ብር፣ ሳኩራ 800፣ «ኦሪጅናል ቶዮታ» ደግሞ አንዱ ሱቅ 1700፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ሱቅ 900 ብር ተባልኩ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥሩ ላይ አትጨነቁ፤ ልዩነቱን ያዙ። ካርቶኑ አንድ ነው፣ የተጻፈበት ቁጥር አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ግማሽ በግማሽ ይለያያል። ነጋዴ ከስሮ አይሸጥም። የ900 ብሩ ኦሪጅናል የ400 ብሯ ፊልትሮ ናት፣ ልብስ ቀይራ የመጣች። ከሁሉም የሚያናድደኝም ይህ ነው፤ ርካሹን የገዛ ሰው ቢያንስ ርካሽ መግዛቱን ያውቃል።

በርካሿና በሳኩራ መካከል ያለው ልዩነት 400 ብር ነው። ዘይት በየ5000 ኪሎ ሜትሩ የምትቀይሩ ከሆነ 400 ብር ለ5000 ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሜትር 8 ሳንቲም ይመጣል። ከማርቆስ ባህር ዳር ለመድረስ 21 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ዘይቱን ራሱን በሺዎች ገዝታችሁ፣ ያንን ዘይት የሚያጣራው ዕቃ ላይ 21 ብር መቆጠብ ለእኔ አይገባኝም። ሞተር ከወረደ ወጪው በአስር ሺዎች ነው የሚጀምረው፣ ያውም መለዋወጫው ማርቆስ ከተገኘ።

ይህን ሁሉ የምለው በወሬ አይደለም። የአጎቴ ልጅ በማርቆስና በቡሬ መካከል የሚሠራ ናፍጣ ዶልፊን አለው። ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው» ተብሎ ፊልትሮ ገዝቶ አስገጠመ። ብዙም ሳይቆይ ጧት ጧት ሲያስነሳው ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ይንኳኳ ጀመር። የዘይቱ መብራትም ቶሎ አይጠፋም። ሲሞቅ ሁሉም ነገር ደህና ስለሚሆን ሥራውን ቀጠለ። በኋላ ማንኳኳቱ ሲሞቅም አልተወው አለ። ጋራዥ ገብቶ ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ሲፈታ ከታች የወረቀት ብጥስጣሽ ተገኘ። ከፊልትሮው የወጣ ወረቀት ነው። የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብሮንዚና ተበልቶ ነበር፣ ሞተሩም ወረደ።

ያን ዕለት መካኒኩ ፊልትሮውን በብረት መጋዝ ሰነጠቀው። ጎን ለጎን ደግሞ ከሌላ መኪና የወጣ አሮጌ ሳኩራ ሰነጠቀልን። የፊልትሮ ወረቀት እንደኛ አገር ሽንሽን ቀሚስ የታጠፈ ነው፤ ሽንሽኑ በበዛ ቁጥር ዘይት የሚያልፍበት ቦታ ይሰፋል። የሳኩራው ሽንሽን ጥቅጥቅ ያለና እኩል ነው። የኮፒው ግን እዚህ ጋ ተጨናንቆ እዚያ ጋ ጣት ያስገባል። ዘርግተን ስናስተያየው ርዝመቱ የሌላውን ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። ወረቀቱ ጫፍና ጫፍ የተያያዘበት ማጣበቂያም ለቆ ነበር። እዚያ ላይ ከለቀቀ ዘይቱ በክፍተቱ ሾልኮ ሳይጣራ ነው የሚያልፈው። የውጭው ቆርቆሮ ጣሳም በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጎዳል።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ውስጡ ያለው ጎማ ነው። ጥሩ ፊልትሮ ውስጥ፣ ከዳር ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሥር፣ ለስላሳ የጎማ ክዳን አለ። ሞተሩ ሲጠፋ ፊልትሮው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ኮፓ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ይህ ጎማ ካልሠራ ፊልትሮው ሌሊቱን ባዶ ያድራል፣ ጧት ላይ ሞተሩ ዘይት እስኪደርሰው በደረቁ ይዞራል። የጧቱ መንኳኳት ከዚህ የመጣ ነበር። የኮፒው ጎማ ደርቆ ፕላስቲክ መስሏል፣ በጥፍር ስነካው ተሰነጠቀ። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፣ እንጅባራም እንደዚያው ብርድ ነው። በእኛ አገር ጧት ዘይት ወፍሮ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ይህ ጎማ ለእኛ ከቆላው ሰው ይልቅ ያስፈልገናል።

ሌላው በዓይን የማይታየው ነገር ማለፊያ ቫልቩ ነው። ወረቀቱ ሲደፈን ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር፣ ሞተሩ ዘይት ከሚያጣ ያልተጣራም ቢሆን ይድረሰው ተብሎ በስፕሪንግ የሚከፈት ቫልቭ ነው። ስፕሪንጉ ከላላ ሁልጊዜ ክፍት ይሆንና ፊልትሮው ለስም ብቻ ተገጥሞ ይቀራል። ከጠነከረ ደግሞ ሞተሩ ይጠማል። ደጀን ለመውጣት የአባይን በረሃ በከባድ ማርሽ የሚጎትት ጭነት መኪና ላይ ይህ ምን እንደሚያደርግ ሾፌር ይንገራችሁ።

እንግዲህ ጥርጥር የሌለበት ኦሪጅናል ቶዮታ ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ ከወኪሉ ከሞኤንኮ፣ ከሁሉም ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። 1700 ብር የማይከብደው ይግዛው። እኔ ግን ሳኩራን የምመርጥበት ምክንያት ቀላል ነው። ሰው የሚኮርጀው ውዱን ስም ነው። የሳኩራም ኮፒ አይጠፋም፣ ነገር ግን የ800 ብር ዕቃ ኮርጆ የሚገኘው ትርፍ የ1700 ብሩን ያህል አይደለም። ስሙ የጃፓን ይምሰል እንጂ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው፣ ካርቶኑም አይደብቀውም። «ማን» እና «ቦሽ» የሚባሉትን የጀርመን ስሞች ካገኛችሁም ጥሩ ናቸው፤ ወደ እኛ አካባቢ ሲደርሱ ግን ዋጋቸው ከኦሪጅናሉ ብዙም አያንስም።

ሱቅ ላይ ቆማችሁ ምን ታያላችሁ? መጀመሪያ ፊልትሮውን ከካርቶኑ አውጡ። ሻጩ «አይከፈትም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። በእጃችሁ መዝኑት፣ ኮፒው ቀለል ይላል። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ እዩ። ጎማው መታየት አለበት። በክብሪት እንጨት ገፋ ስታደርጉት እሺ ብሎ ገብቶ መመለስ አለበት። ድርቅ ካለ ወይም ጭራሽ ከሌለ መልሱት። ሞተሩ ላይ የሚታሰርበትን ጥርሱን እዩ፣ ብናኝ ብረት ካለበት ያ ብናኝ ሞተራችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። የቶዮታ ቁጥር ጣሳ ላለው ፊልትሮ በ90915 ይጀምራል፣ ወረቀት ብቻ ሆኖ ለሚቀየረው ደግሞ በ04152። ይህ ሁለተኛው ከጎማ ቀለበቱ ጋር ነው የሚመጣው። ቀለበት የሌለውን ገዝታችሁ አሮጌውን ቀለበት ከመለሳችሁበት ዘይት ያንጠባጥባል።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። «ያው ነው፣ ይገባል» የሚል ሻጭ አለ። የትንንሾቹ ቶዮታዎች ጥርስ በኢንች የተለካ ነው፣ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሂዩንዳይና የሆንዳው 20 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለዩም። የሂዩንዳዩ ፊልትሮ ቶዮታው ላይ ይዞራል፣ የጠበቀም ይመስላል፣ ግን ጥርሱ በደንብ አልተያያዘም። መንገድ ላይ ግፊት ሲጨምር ተነቅሎ ዘይቱን በሙሉ ሊያፈሰው ይችላል።

ወደ ሞተር ሳይክሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ሐሳቤ ይገለበጣል። የፑልሳር፣ የአፓቼና የባለ አራት ስትሮኩ ባጃጅ ፊልትሮ ትንሽ ወረቀት ናት። ኮፒዋ 120 ብር ብትሆን ኦሪጅናሏ 300 ብር ናት፣ ልዩነቱ 180 ብር ነው። ለዚህ ብላችሁ መካከለኛ ስም አትፈልጉ፣ የፋብሪካውን ግዙ። ምክንያቱም በእነዚህ ሞተሮች አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያጥባል። የፍሪሲዮን ብናኝ ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ ነው የሚያርፈው። ስትፈቱ አሮጌው በየትኛው በኩል ዞሮ እንደተቀመጠ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ተገልብጦ ከገባ የዘይቱ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ወረቀቱን በቤንዚን አጥቦ መመለስ የሚባለውንም ተዉት፤ የታጠበ ወረቀት ይላላል፣ ከዚያም ይበጠሳል።

የቻይናዎቹ ባለ 125 ሞተሮች፣ የሆንዳ ሲጂ ቅጂ የሆኑት፣ የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም። ያላቸው ከታች የሽቦ ወንፊትና በመሽከርከር ቆሻሻ የሚለይ ክብ ዕቃ ነው። ሁለቱም ታጥበው ይመለሳሉ። ስለዚህ ለእነዚህ ፊልትሮ ልሽጥላችሁ የሚል ካለ ገንዘባችሁን ያዙና ጥሩ ዘይት ግዙበት። በገጠር ብዙ የምናያት ያማሃ ኤጂ 100 ደግሞ ሁለት ስትሮክ ናት። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚቃጠል የሚጣራ የሞተር ዘይት የላትም።

አይሱዙ ላላችሁ ምክሬ ከሌላው መኪና አይለይም፤ ሞተሩ ብዙ ዘይት ስለሚይዝ የፊልትሮው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ጭራሽ ትንሽ ነው። የናፍጣ ዘይት ደግሞ በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ያ ጥላሸት ነውና ፊልትሮው አይሠራም ማለት አይደለም። በጠጠሩ መንገድ የምትሠሩ የአየር ፊልትሮውን አትርሱ። በዚያ በኩል የገባ አቧራ መጨረሻው ዘይቱ ውስጥ ነው።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። የአሮጌው ጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈሳል። አዲሱን ጎማ ዘይት ቀብቶ፣ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር በእጅ ማጥበቅ ይበቃል። በመፍቻ ተጨንቆ የሚያስር ልጅ ካያችሁ አስቁሙት። በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈታው ካቻቢቴ ተሰክቶበት ነው።

አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ ሶማሌ ተራ ልካችሁ ማስገዛት ትችላላችሁ፣ ዋጋውም ይሻላል። «ለቪትዝ» ብላችሁ ብቻ ግን አትላኩ። የአሮጌውን ፊልትሮ ቁጥርና የጥርሱን በኩል ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። እዚሁ ከገዛችሁ ደግሞ ካርቶኑንና ደረሰኙን ያዙ። በማግስቱ ጧት የዘይቱ መብራት ቶሎ ካልጠፋ አስፈትታችሁ ለሻጩ መልሱለት።