የእህል እርጥበት መለኪያ ለሩዝ አጨዳ፦ የትኛው ይሻላል?

በእጅ የሚያዝ የእህል እርጥበት መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ለመጋዘን ነው። ሩዝ አምራች ግን በደንብ የሚጠቀምበት ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ አንዴ የተሰነጠቀን ፍሬ ከአጨዳ በኋላ መለካት አይመልሰውም።

ሩዝ የሚታጨደው የፍሬው እርጥበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ነው። ያኔ ከ80 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው ፍሬ የገለባ ቀለም ይዟል። ቀድሞ ከታጨደ አረንጓዴና ቀጫጭን ፍሬ ይበዛል፤ ሆዱ የነጣው በፍተጋ ይደቅቃል፤ ለዘር የተያዘውም ጉልበት ያጣል። ሲዘገይ ደግሞ ጉዳቱ መርገፍና መጋሸብ ብቻ አይደለም። ከ15 በመቶ ገደማ በታች የደረቀ ፍሬ ጤዛ ወይም ዝናብ ሲያገኘው ላዩ ውኃ ስቦ ያብጣል፣ ውስጡ ግን እንደደረቀ ነው፤ በዚህ መሳሳብ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በገለፈቱ ስለሚሸፈን የሚታወቀው የፍተጋ ማሽኑ ስብርባሪ ሲያወጣ ነው።

መለኪያዎቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጥቂት ፍሬ ጨፍልቆ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ይለካል። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ አንድ ማሳ ለመወከል ብዙ ጊዜ መደጋገም ይጠይቃል። ሁለተኛው ፍሬውን ሳይጨፈልቅ በኩባያ ሙሉ ይለካል፤ ለአጨዳ ውሳኔ እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ድክመቱ አሞላሉ ላይ ነው፦ ኩባያው ከተነቀነቀ ወይም ፍሬው ከተጠቀጠቀ ንባቡ ይዛባል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ከፍታ በዝግታ ማፍሰስ፣ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል።

ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር ይታይ፦ ላልተፈተገ ሩዝ የተለየ ምርጫ እንዳለው፣ ቢያንስ እስከ 30 በመቶ እንደሚያነብ፣ የፍሬውን ሙቀት አስልቶ እንደሚያስተካክል። ከ20 በመቶ በላይ የማያነብ ለአጨዳ አይረባም።

ሁለቱም ዓይነት መለኪያዎች የሚያሳዩት አማካይ መሆኑን መርሳት ግን ያስከፍላል። የሩዝ ዛላ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚበስለው። 22 የሚል ንባብ 16 በመቶ የደረሰ የላይኛ ፍሬና 28 በመቶ የሆነ የታችኛ ፍሬ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከማሳው ዳር ርቆ ከአምስት ቦታ ዛላ መቁረጥ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ፍሬ ለየብቻ መሸምጠጥ፣ ውስጡ ያልሞላውን ባዶ ፍሬ ካነሱ በኋላ ለየብቻ መለካት። የላይኛው ወደ 16 ከተጠጋ የታችኛው እስኪበስል መጠበቅ ምርጡን ፍሬ ማሰንጠቅ ነው፤ ይታጨድ።

መሣሪያውን በየወቅቱ በምድጃ ማመሳከር ይገባል። 100 ግራም ፍሬ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ደርቆ 78 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 22 በመቶ ነበር ማለት ነው።

የታጨደው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ማድረቂያ ይግባ፤ ለፍተጋ 14፣ ለዘር 12 በመቶ እስኪደርስ። ከማድረቂያ እንደወጣ የተለካ ፍሬ ላዩ ስለደረቀ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ጥቂት ሰዓት አሳርፎ እንደገና መለካት ነው። ዘር ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይንካው፤ መለኪያው በሙቀት በሞተ ዘር ላይም ያንኑ 12 ያሳያልና የብቅለት ፈተና የግድ ነው። አዲስ የታጨደ ሩዝ ግን ሕያው ሆኖም ለጥቂት ሳምንታት ላይበቅል ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ፈተና ዝቅ ቢል ዘሩን ከመጣል በፊት ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል።