ድራመሩ ሲያኮርፍ፦ ክረምትን ከ«ኩዶስ ሮክ ሌጀንድ» ጋር

ደሴን በክረምት የሚያውቃት ያውቃታል። ጦሳ ጉሙን ከተማዋ ላይ ይለቅና፣ ከአራዳ እስከ ሸዋ በር የሚታየው ጃንጥላና ጋቢ ብቻ ነው። ከቤት መውጣት ያስጠላል። እኔም ሐምሌን ያሳለፍኩት አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፌ የሮክ ባንድ እየመራሁ ነው። አራት ባንድ መሰረትኩ። ሦስቱ ፈረሱ። ስለዚህ ልምድ አለኝ።

ጌሙ «ኩዶስ ሮክ ሌጀንድ» ይባላል። አዲስ አይደለም፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የዊንዶውስ ጌም ነው። የሰራው ፖዚቴክ የሚባል ትንሽዬ የእንግሊዝ ድርጅት ነው፣ የክሊፍ ሃሪስ። «ዴሞክራሲ» የሚባለውን አገር የመምራት ጌምም ያወጣው ይኸው ሰውዬ ነው። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። አገር መምራቱ ይቀላል።

አሮጌ መሆኑ ለኔ ጠቅሞኛል። የኔ ላፕቶፕ አዲስ ጌም ሲከፈትበት እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚያጓራው፤ ይሄኛውን ግን ሳያንገራግር ከፈተው። በምስል በኩል ብዙ አትጠብቁ። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ደግሞ ከወዲሁ ይተወው፤ ነገሩ የሚሄደው በማንበብና በመወሰን ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እናንተ ዘፋኙ ናችሁ፣ የባንዱም አለቃ። ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ተጫዋች መርጦ መቅጠር፣ ያልሆነውን ማባረር፣ ዘፈን መጻፍ፣ ማለማመድ፣ መድረክ መያዝ ሁሉም በእናንተ ጫንቃ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተራ አንድ ቀን ነው። ዛሬ ከተለማመዳችሁ ዛሬ አልጻፋችሁም። ዛሬ ካረፋችሁ ዛሬ ገንዘብ የለም። ሰውን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምታስቀምጠው ይቺው ናት፣ «አንድ ቀን ብቻ ልጨምር» እያሰኘች።

በሙዚቃችን አራት ቅኝት ስላለን ለራሴ አራት ዕድል ሰጠሁ፣ ባንዶቹንም በቅኝቶቹ ስም ጠራኋቸው። የመጀመሪያውን ባንድ «አምባሰል» አልኩት። ሮክ የሚጫወቱ ፈረንጆች አምባሰል መባላቸው ብቻውን ያስቃል። ጥፋቴ ስስት ነበር። የችሎታ ቁጥራቸው ከፍ ያሉትን ተጫዋቾች ለቃቀምኩ፣ በየቀኑ ዘፈን ጻፍኩ፣ ከዚያ ግማሹ እንኳ ሳይጠና መድረክ ላይ አወጣኋቸው። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፣ የመጣውም አልወደደንም። በማግስቱ ድራመሩ አኮረፈ። ጌም ውስጥ ያለ ሰው ያኮርፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ወላሂ። እሱን ሳባብል ጊታሪስቱ ተከተለው።

የሳቅኩት ነገሩን ስለማውቀው ነው። እዚሁ ደሴ ሦስት ዓመት የሰርግ ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። ሦስት ሰው ነበርን፦ እኔ፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና አንዲት ዘፋኝ። ድራሙንም ቤዙንም የሚሰራው ኪቦርዱ ነው፣ መቼም ታውቁታላችሁ። ቀብድ እንቀበላለን፣ ሳውንድ እንከራያለን፣ ሃይቅም ኮምቦልቻም እንሄዳለን። ያፈረሰን ችሎታ ማጣት አይደለም። ሽልማት ነው። ሰርገኛው ብሩን የሚለጥፈው ዘፋኟ ግንባር ላይ ነው። እሷም «የተለጠፈው እኔ ላይ ነው» አለች፣ እውነቷን ነው። ማሲንቆው «እኔ ባልገዘግዝ ማን ይሸልምሽ ነበር?» አለ፣ እሱም እውነቱን ነው። እኔ መሃል ቆሜ አብሽሩ፣ አብሽሩ ስል ጥር ወጣና ተበተንን።

ጌሙ ሽልማት የሚባል ነገር የለውም፣ ግን ይሄን ስሜት በደንብ ይዞታል። የሰው ሞራል መለኪያ ሳይታይ ይወርድና አንድ ቀን ታች ላይ ታገኙታላችሁ። ሙዚቃውን ትታችሁ ያን መለኪያ መጠበቅ ነው ትልቁ ሥራ። እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ባንድ ጨርሻለሁ። «ባቲ» ያልኩት ሁለተኛው፣ ገና ገቢ ሳይኖረኝ ገንዘቡን ዕቃ ላይ አፍስሼ ከሰረ። ሸጋ ጊታር የያዘ ግን ማንም የማያውቀው ባንድ። ባቲዎች ይሄን ቢሰሙ ይታዘቡኛል፤ የሰኞ ገበያቸውን ያየ ሰው ሳይሸጥ እንደማይገዛ ማወቅ ነበረበት። ሦስተኛውን «ትዝታ» ብዬው ሳይውል ሳያድር ትዝታ ሆነ። እሱ የሞተው በድካም ነው፤ ከልምምድ ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ልምምድ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላሳርፋቸው።

አራተኛው፣ «አንቺሆዬ»፣ ቆመ። ምን ለየው? ተጫዋች ስመርጥ ጎበዙን ሳይሆን አብሮ የሚሆነውን አየሁ። መካከለኛ ችሎታ ያለው በልምምድ ይሻሻላል፤ ጎበዙ አኩራፊ ግን ጎበዝ አኩራፊ እንደሆነ ይቀራል። ዘፈን አላበዛሁም። ጥቂት ጽፌ እነሱኑ እስኪሰለቸኝ አለማመድኳቸው። ዕረፍትን ደግሞ የባከነ ቀን አድርጎ ማየት ተውኩ፣ በተለይ ከመድረክ ማግስት። ማባረርም ካስፈለገ ቶሎ ነው፣ ሁሉም ሳይበከል። እኔ «አምባሰል» ላይ ያን ድራመር ሳባብል የፈጀሁት ቀን ሁለት ዘፈን ይወጣው ነበር።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ትንሽ መድረክ ላይ መቆየት ነው። ትልቅ አዳራሽ ልብ ያማልላል። ባዶ አዳራሽ ግን የባንዱን ሞራል ነው የሚገድለው፣ ሙሉ የሆነች ጠባብ ቤት ደግሞ ታነሳዋለች። ይሄ እኛም አገር የሰራ ነገር ነው። ዋልያስ ባንድ ስሙን የተከለው አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት በመጫወት ነው፤ አንድ ቤት፣ ቋሚ ሥራ፣ በየሳምንቱ መድረክ። ከዚያ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄደው ዞረው ተጫወቱና ከአባላቱ አራቱ እዚያው ቀሩ። አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው፣ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሰራ ኪቦርድ ይለማመድ የነበረው። እንግሊዛዊው ጌም ሰሪ ይሄን ቢያውቅ ኖሮ «ጉዞ ወጣችሁ፣ ግማሹ ባንድ አልተመለሰም» የሚል ቀን ይጨምርበት ነበር። ለኢትዮጵያዊ ማኔጀር ዋናው ፈተና እኮ እሱ ነው።

የጎደለው ሌላው ነገር ካላንደሩ ነው። ጌሙ ውስጥ ቀን ሁሉ ቀን ነው። ወሎ ላይ ባንድ የሚመራ ሰው ግን ሁለት ካላንደር ይይዛል። በሁዳዴ 55 ቀን የክርስቲያን ሰርግ የለም፣ በረመዳን የሙስሊሙ የለም፣ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ይስባል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ያን ጊዜ ምን ይብላ? ሁለቱ በማይገጥሙበት ዓመት ቢሆን አንዱ ሲጾም ሌላው ይድራልና ከአንዱ ወደ አንዱ እያሉ ይከርማሉ። ይሄን የሚያስብ ጌም አንድ ቀን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች አንዱ ይሰራው ይሆናል። እኔ አንደኛ ገዢ ነኝ።

በተረፈ መጨረሻው አካባቢ ይደጋገማል። አንዴ ባንዱ ከቆመላችሁ የሚያስጨንቅ ነገር ይቀንሳል፣ የጀመርኩትን ለመጨረስ ብቻ የገፋሁባቸው ቀናት ነበሩ። ደስታው መውደቁ ላይ ነው። የእግር ኳስ ማኔጀር ጌም የሚወድ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ ጣቱን ማፍጠን የሚወድ ግን በግማሽ ሰዓት ይዘጋዋል። እኔ ከአስር ሰባት ሰጥቼዋለሁ። ላፕቶፑ አርጅቶ ጊዜው ለተረፈው ስምንት ያድርገው።

ነሐሴ ላይ ያ የድሮው ማሲንቆ ተጫዋቻችን ቤት መጣ፣ ታርቀናል። ትልቅ ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ቡና እስኪፈላ አጠገቤ ተቀምጦ «አንቺሆዬ»ን እያየ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች ጠየቀኝ፣ ማን ሰነፍ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያኮርፍ፣ ዘፋኙ ገንዘቡን ያካፍል እንደሆነ። ቆየና «ስንት ይከፍላሉ?» አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ ብሩ የውሸት ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ የኛው ባንድ ነው በለኛ» አለና ሲኒውን አቀበለኝ።