የልጄን ቃጠሎ ያነበበው ቀይ ብርሃን

እሑድ ከሰዓት ነበር። እንግዶች አሉን። አቦል ጠጥተን ጨርሰናል፤ ለቶና የፈላው ጀበና ገና ከእሳት መውረዱ ነው። የሁለት ዓመቷ ልጄ ረከቦቱ ላይ የተነጠፈውን ጨርቅ ይዛ ሳበችው። ቡናው ከሆዷ እስከ ግራ ጭኗ ድረስ ፈሰሰባት። አንዷ እንግዳችን የጥርስ ሳሙና ፍለጋ ሄደች። ባለቤቴ ግን ልጅቷን አቅፎ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ፤ 20 ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፈሰሰላት። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሶቹ መጀመሪያ የጠየቁን ይህንኑ ነበር።

የምጽፈው እዚህ ለንደን ውስጥ በሦስተኛው ቀን ስለተደረገላት የሌዘር ዶፕለር ምርመራ ነው፤ ቃጠሎው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በብርሃን የሚያሳይ ምርመራ ነው። ያኔ በአማርኛ የሚያስረዳኝ ጽሑፍ ብፈልግ አጣሁ።

ጭንቀታችን እንዲህ ነው። ሆዷ ላይ ያለው ከላይ ከላይ እንደሆነ ሐኪሟ ወዲያው አወቀች። ጭኗን ግን አይታ ዝም አለች። ደጋግማ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጤነኛ የደም ዝውውር ያለው ቆዳ ሲጫኑት ይነጣል፣ ሲለቁት ደሙ ይመለሳል። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ይህን በዓይን መለየት ይከብዳል። «እርግጠኛ አይደለሁም» አለችኝ። እንዲህ ብላ በግልጽ ስለነገረችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ልምድ ያለው የቃጠሎ ሐኪም እንኳ በዓይኑ ብቻ ጥልቀቱን በትክክል የሚገምተው ከ60 እስከ 75 በመቶ ያህል ጊዜ እንደሆነ በኋላ አነበብኩ። ስህተቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ራሱ የሚድን ቁስል ከሆነ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። የማይድን ከሆነ ግን ከሌላ ቦታ ቆዳ ወስዶ መለጠፍ ሊኖር ነው፤ ከዘገየም ጠባሳው ይከፋል።

ለምን በመጀመሪያው ቀን ምስሉን አላነሷትም ብዬ ተናድጄ ነበር። ቃጠሎ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ገና ይለዋወጣል፤ ቀድሞ የተነሳ ምስል ያሳስታል። የሚመረጠው ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ያለው ጊዜ ነው።

መሣሪያው ረጅም ክንድ ላይ የተሰቀለ ሳጥን ነው። ቆዳዋን አይነካም፣ ሙቀት የለውም፣ አያምም። ቀይ የብርሃን ነጥብ ጭኗ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ መስመር በመስመር ይወርዳል። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ከሚንቀሳቀሱ የደም ሴሎች ጋር ሲጋጭ የሞገዱ ድግግሞሽ ትንሽ ይለወጣል። አምቡላንስ እየቀረበ ሲመጣና አልፎ ሲሄድ የሳይረኑ ድምፅ እንደሚለወጠው ማለት ነው፤ ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 የገለጸው ነገር ነው። ደም በደንብ የሚዘዋወርበት ቦታ ቶሎ ይድናል። የደም ሥሮቹ የተቃጠሉበት ቦታ ዝም ይላል።

ኮምፒውተሩ ላይ የልጄ ጭን እንደ ካርታ ወጣ። ቀይ ማለት በ14 ቀን ውስጥ የሚድን ነው። ቢጫ ከ14 እስከ 21 ቀን። ሰማያዊ ከ21 ቀን በላይ። የእኔ ልጅ አብዛኛው ቢጫ፣ ዙሪያው ቀይ፣ መሐሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ነጥብ። ያቺን ነጥብ ሳይ እንባዬ መጣ። ሐኪሟ ግን ምስሉ ብቻውን አይፈርድም፣ ከቁስሉ ጋር አብሮ ነው የሚነበበው አለችኝ። ነጥቧ ትንሽ ስለሆነች ያለ ቀዶ ጥገና እንጠብቅ ተባለ።

ቅሬታም አለኝ። ስካኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ልጅ ግን ከተንቀሳቀሰች ምስሉ ይበላሻል። የመጀመሪያው ተበላሸ። የዓይን መከላከያ መነጽሩን እየወረወረች አለቀሰች። ሁለተኛው የተሳካው እሹሩሩ ብዬ እቅፌ ላይ ካስተኛኋት በኋላ ነው። ፋሻው ተነስቶ ቅባቱ በሙሉ መጠረግ እንዳለበትም አስቀድሞ የነገረን የለም። ያማት ያ ነው እንጂ ሌዘሩ አይደለም። ቢነግሩን ኖሮ ከቤት ስንወጣ ፓራሲታሞል እንሰጣት ነበር። የቀለሞቹን ትርጉምም የነገሩኝ ስጠይቅ ነው። እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት ብትሆን ያንን ሰማያዊ አይታ ምን ታስብ ይሆን?

የእንግሊዝ የጤና መመዘኛ ተቋም ናይስ ይህን መሣሪያ ሐኪም ለሚጠራጠርባቸው ቃጠሎዎች እንዲጠቀሙበት የመከረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እኛ የከፈልነው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለዝግጅቱ ነው። ቢጫው ቦታ በ18ኛው ቀን ተዘጋ። ሰማያዊዋ ነጥብ ግን አንድ ወር ፈጀች፤ አሁንም ከፍ ያለች ጠባሳ ሆና አለች። ማታ ማታ ቅባት እየቀባሁ በአውራ ጣቴ አሻታለሁ። ልጄም የራሷን ጣት ከእኔ ጣት አጠገብ ታስቀምጣለች።