ለወፍ ፎቶ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን አካባቢ ወፍ ፎቶ ለማንሳት የምትወጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትልኩ።

ባለፈው ጥር አስጎብኚ ነኝ ያለ ሰው «ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይልን ከመደበቂያ ጎጆ ሆነህ ታነሳለህ፣ መቶ በመቶ» አለኝ። ዋጋው 6,000 ብር። ግማሹን በስልክ ቀድሜ ላክሁ። ካሜራ የያዘ ሰው ይህችን ወፍ ለማየት እንዴት እንደሚጓጓ ታውቃላችሁ። ከ16 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። ረግረግ ሣር ውስጥ ለውስጥ እንደ አይጥ ትሹለከለካለች። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ወፎች ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል።

ጎጆ የተባለው በአራት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ የተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ሆኖ አገኘሁት። ነፋስ በመጣ ቁጥር ይርገበገባል። ቀዳዳው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ሌንስ ውስጥ ትገባለች። የጥር ብርዱንማ አልነግራችሁም፤ ጣቴ የካሜራውን ቁልፍ መጫን አቃተው።

ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ወፍ ከሣሩ ወጣ። «ያውልህ ወንድሜ!» አለኝ በሹክሹክታ። ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጭራውን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከሥሩ ነጭ ብልጭ ይላል። ሩዤ ሬይል ነው። ርዝመቱ የፍላፍቴይልን እጥፍ ያህላል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኝ ውብ ወፍ ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። ግን ጨፌ ዳር ታግሶ የተቀመጠ ሰው ያለ አምስት ሳንቲም ያየዋል።

«ይሄ አይደለም» ስለው ሁለት ልጆች ጠራ። ረጅም ገመድ ግራና ቀኝ ይዘው ሣሩን እየጠረጉ ወደኛ እንዲመጡ አዘዛቸው። ወፏ ደንግጣ ስትነሳ እኔ እንዳነሳት ነው። እዚያው አስቆምኳቸው። ክረምት ቢሆን ኖሮ ያ ገመድ እንቁላል ላይ ነበር የሚያልፈው።

ዋናው ውሸት ግን ወሩ ነው። ፍላፍቴይል በአገራችን የምትታየው በክረምት ነው፣ ጨፌው ውሃ ይዞ ሣሩ ሲያድግ። በደንብ የምትታወቅባቸው ቦታዎችም ምዕራብ ሸዋ ያለው በርጋ እና ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለው የሱሉልታ አካባቢ ናቸው። እኛ የተቀመጥንበት ጨፌ በጥር ከብት ግጦት መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ደግሞ አስቡት፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እንደምትራባ እ.ኤ.አ. በ2018 የተረጋገጠው ተመራማሪዎች ሣሩ ውስጥ ትተውት በሄዱት፣ በራሱ በሚያነሳ ካሜራ ነው። ሸራ ሥር ተቀምጦ በአንድ ጠዋት «መቶ በመቶ» ከየት ይመጣል?

ብሬን መልስልኝ ስለው «ወፍ በትእዛዝ አይመጣም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አያነሳም።

እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ወሩን ጠይቁ። ወፉ ካልታየ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ገመድ ወይም የወፍ ድምፅ በስፒከር እጠቀማለሁ ካለ እዚያው ተዉት። ሰውየው አሁን ለመጋቢት ሌላ ቡድን እየመዘገበ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ቀብድ የላካችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁት።